36 ዓመት ሲጠይቁ የኖሩ እንደራሴ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ታሪክ ነው። የምንናገረውም ስለ አንዲት ሴት ነው። እኚህ ሴት ጦር አልመሩም፤ ዙፋን ላይ አልተቀመጡም፤ ሚኒስትርም አልነበሩም። ሥራቸው የምክር ቤት አባልነት ነበር። በዚያ ሥራ 36 ዓመት ቆዩ። ከ36ቱ ዓመት ውስጥ 13ቱን በምክር ቤቱ የፓርቲያቸው ብቸኛ ሰው ሆነው አሳለፉ። ስማቸው ሄለን ሱዝማን ይባላል። አገራቸው ደቡብ አፍሪካ ነው።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ አበው። የእኚህን ሴት ታሪክ ስንሰማ ግን መጠየቅ ሌላም ሥራ እንዳለው እንረዳለን። ጥያቄ የተደበቀን ያወጣል። ጥያቄ ባለሥልጣንን ያስጨንቃል። ጥያቄ በጽሑፍ ሲሰፍር ደግሞ ማንም እንደ ዋዛ ሊሰርዘው አይችልም።

አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ዛሬ የምንጠራቸው ዓመቶች በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልስ «በእኛ» ብለን እንናገራለን።

ሰውን የሚያስረው ደብተር

በመጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ በዚያን ጊዜ ምን እንደምትመስል እንይ።

በ1948 አንድ የነጮች ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። የአገሩን ሰው ሁሉ በቆዳ ቀለም እየለየ በሕግ ከፋፈለ። ይህ አገዛዝ አፓርታይድ ይባላል። አፓርታይድ ማለት መለያየት ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ተለየ፤ ሐኪም ቤቱ ተለየ፤ መኖሪያው ተለየ። ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ በ1949 ሕግ ወጣ።

ከሁሉ ይልቅ በየቀኑ ሕዝቡን ያንገበገበው ግን የይለፍ ሕግ ነበር። 16 ዓመት የሞላው ጥቁር ሰው ሁሉ አንዲት ደብተር በኪሱ መያዝ ነበረበት። ደብተሯ ላይ ፎቶግራፉ አለ። ስሙ አለ። ግብር መክፈሉ ተጽፏል። አሠሪው በየወሩ ፈርሞበታል። ከተማ ውስጥ እንዲኖር ፈቃድ ያለው መሆኑና አለመሆኑም በዚያው ላይ ይታያል። ፈቃድ የሌለው ጥቁር ሰው በከተማ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም ነበር።

ፖሊስ መንገድ ላይ ያስቆማል። «ደብተርህን አምጣ» ይላል። ደብተሩን ቤቱ ረስቶ የወጣ ሰው ይታሰራል። የአሠሪው ፊርማ የጎደለበትም ይታሰራል። ባሏን ፍለጋ ከገጠር የመጣች ሴትም ፈቃድ ከሌላት ትታሰራለች። በዚህ ሕግ ምክንያት የሚታሰረው ሰው በየዓመቱ በመቶ ሺህ ይቆጠር ነበር።

ልብ በሉ! ያቺ ደብተር ጽሑፍ ናት። ማንበብ ለማይችለው ሰውም በጽሑፍ ትፈርድበት ነበር። ጽሑፍ ነፃ ያወጣል እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፍ ያስራልም። የሚለየው የጻፈው ማን ነው፣ ለምን ጻፈው፣ የሚጠይቀውስ አለ ወይ የሚለው ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ዝም አላለም። በ1956 ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴቶች የይለፉን ሕግ ተቃውመው በፕሪቶሪያ ሰልፍ ወጡ። መጋቢት 21 ቀን 1960፣ በእኛ መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሻርፕቪል በምትባል ቦታ ሕዝቡ ይህንኑ ሕግ ተቃውሞ ተሰበሰበ። ፖሊስ ተኮሰ። 69 ሰዎች ሞቱ። ሻርፕቪል የምትባለውን ስም አትርሷት፤ በመጨረሻ ተመልሰን እንመጣባታለን።

ወይዘሮ ሄለን ማን ነበሩ?

ሄለን ሱዝማን በ1917 ጀርሚስተን በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለዱ። ጀርሚስተን ከጆሃንስበርግ ብዙም አትርቅም። ወላጆቻቸው ከሊቱዌንያ የመጡ አይሁድ ናቸው። እናታቸው የሞቱባቸው ገና በሕፃንነታቸው ነው። አድገው ሐኪም አገቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ከዚያም ጆሃንስበርግ በሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ አስተማሩ።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት የከተማ ጥቁሮችን ሕይወት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ወይዘሮ ሄለን ለዚያ ኮሚሽን የሚቀርብ ማስረጃ እንዲያዘጋጁ ተጠየቁ። ሕጎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። የይለፉ ሕግ ቤተሰብን እንዴት እንደሚበትን ያወቁት በዚያን ጊዜ ነው። ወደ ፖለቲካ የገቡትም ያነበቡት ስላስቆጣቸው ነው።

በ1953 ሃውተን ከሚባለው የጆሃንስበርግ ሠፈር ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። ሃውተን በዚያን ጊዜ የሀብታም ነጮች ሠፈር ነበር። በምክር ቤቱ ውስጥም ከነጭ በቀር የሚቀመጥ አልነበረም። ከአገሩ ሕዝብ የሚበዙት ጥቁሮች ከነጮቹ እኩል እንደራሴ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም።

በመጀመሪያ የትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነበሩ። ነገር ግን ያ ፓርቲ በስሙ ተቃዋሚ ይባል እንጂ በብዙ ነገር ከመንግሥት ጋር ይስማማ ነበር። በ1959 ለጥቁሮች ተጨማሪ መሬት መገዛቱን ተቃወመ። ይኼን ጊዜ ከአሥር የሚበልጡ እንደራሴዎች ጥለውት ወጡ። ተራማጅ ፓርቲ የሚባል አዲስ ፓርቲም መሠረቱ። ወይዘሮ ሄለን ከእነሱ አንዷ ነበሩ።

በ1961 ምርጫ ተደረገ። የአዲሱ ፓርቲ ሰዎች ሁሉ ተሸነፉ። ያሸነፉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሄለን ሱዝማን ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን አይደለም ወይ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሃምሳው ሎሚ ሸክም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ። እስከ 1974 ድረስ 13 ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ተሸከሙት።

የ90 ቀኑ ሕግ

አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። በ1963 መንግሥት አንድ አዲስ ሕግ አቀረበ። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ የፖሊስ መኮንን የጠረጠረውን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ 90 ቀን ማሰር ይችላል። እስረኛው ጠበቃ አያይም። ዳኛ ፊት አይቀርብም። 90 ቀኑ ሲያልቅ ተለቅቆ እንደገና ለሌላ 90 ቀን ሊታሰር ይችላል።

በዚያው ሕግ ውስጥ ሌላም አንቀጽ ነበረ። ሮበርት ሶቡክዌ የሚባሉት የጥቁሮች መሪ በ1960ው የይለፍ ተቃውሞ ምክንያት ሦስት ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር። የእስር ጊዜያቸው አለቀ። መንግሥት ግን ሊለቃቸው አልፈለገም። ስለዚህ የተፈረደበትን ጨርሶም ቢሆን ሰው እንዲታሰር የሚፈቅድ አንቀጽ ጨመረ። ሶቡክዌ እስከ 1969 በሮበን ደሴት ለብቻቸው ተገልለው ተያዙ።

ይህ ሕግ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ ከመንግሥት ጋር ቆመ። ምክር ቤቱ ከ150 በላይ አባላት ነበሩት። ከነዚያ ሁሉ መካከል «ይህ ሕግ ግፍ ነው» ብለው የተቃወሙት ወይዘሮ ሄለን ብቻ ነበሩ። ሕጉ ግን አለፈ።

ሕጉ የወጣው በግንቦት 1963 መጀመሪያ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ፣ በእኛ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አቋቋሙ። አፍሪካ ሁሉ በአንድ ድምፅ አፓርታይድን ሲያወግዝ፣ በአፓርታይዱ ምክር ቤት ውስጥ ያቺ አንዲት ድምፅ ነበረች።

እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ «ሕጉ ካለፈ የእሳቸው መቃወም ምን ጠቀመ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ለማግኘት ምክር ቤቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ አለብን።

የጥያቄ ኃይል

በዚያ ምክር ቤት አንድ አባል ሚኒስትርን መጠየቅ ይችላል። ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል። ቀኑ ሲደርስ ሚኒስትሩ ይመልሳል። ጥያቄውም መልሱም በምክር ቤቱ መዝገብ ይታተማል።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አይደለም። በዚያን ዘመን ጋዜጦች ስለ እስር ቤት እንደ ልባቸው መጻፍ አይችሉም ነበር። የታገዱ ሰዎች የተናገሩትን ማተምም ወንጀል ነበር። በምክር ቤት የተነገረውን ግን ጋዜጣ ሊያትመው ይችላል። ስለዚህ ወይዘሮ ሄለን በጠየቁ ቁጥር ተዘግቶ የነበረ በር ትንሽ ተከፈተ።

ምን ጠየቁ? በዚህ ዓመት በይለፍ ሕግ ስንት ሰው ታሰረ? ያለ ፍርድ የተያዘው ስንት ነው? በእስር ላይ እንዳለ የሞተው ስንት ነው? የተገረፈው ስንት ነው? የተሰቀለው ስንት ነው? ከመሬቱ የተፈናቀለውስ? መልሱ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ታተመ። የአገሩ ሰው አነበበው፤ የውጭ አገር ሰውም አነበበው።

አንድ ሚኒስትር ተቆጣ። «እርስዎ የሚጠይቁት ደቡብ አፍሪካን በዓለም ፊት ለማዋረድ ነው» አላቸው። ወይዘሮ ሄለን የመለሱለት አጭር ነገር ነው። አገሪቱን የሚያዋርዳት የእኔ ጥያቄ ሳይሆን የእናንተ መልስ ነው አሉት።

በሃውተን ሠፈር የመረጧቸው ነጮች ናቸው። ነገር ግን እንደራሴ የሌለው ሁሉ እሳቸውን እንደራሴው አደረጋቸው። ከእስር ቤት፣ ከተጋዙ ሰዎች፣ ባሎቻቸው ከታሰሩባቸው ሴቶች ደብዳቤ ይመጣላቸው ነበር። ቤተሰቡ የተበተነበት ሰው ቢሯቸው ድረስ ይመጣል። እሳቸውም በወሬ አይናገሩም። እስር ቤቱን ሄደው ያያሉ። ሕዝቡ የተፈናቀለበትን ቦታ ሄደው ያያሉ። ከዚያ ተመልሰው ይጠይቃሉ።

በሮበን ደሴት

ከጎበኟቸው እስር ቤቶች አንዱ የሮበን ደሴት ነው። ደሴቱ ከኬፕ ታውን ፊት ለፊት በባሕር መካከል አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1964 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው በዚያ ነበሩ። ማንዴላን የኢትዮጵያ ሰው ያውቃቸዋል። በ1962፣ በእኛ 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ውስጥ የወታደር ትምህርት ተምረዋል። አገራቸው እንደተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ።

ወይዘሮ ሄለን በ1967 ደሴቱ ደረሱ። እስረኞቹ ቅሬታቸውን ሲጠየቁ «ስለ ሁላችን የሚናገረው ማንዴላ ነው፤ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ነው» አሏቸው። ማንዴላም በእስር ቤቱ ኃላፊ ፊት ሳይፈሩ ተናገሩ። ስለ ምግቡ ነገሯቸው። ስለ ልብሱ ነገሯቸው። ስለ ትምህርት ነገሯቸው። ጋዜጣ መከልከላቸውን ነገሯቸው። ክንዱ ላይ የናዚ ምልክት የተነቀሰ አንድ ጨካኝ ጠባቂ መኖሩንም ነገሯቸው።

ወይዘሮ ሄለን ተመልሰው ለባለሥልጣኖቹ ተናገሩ። ጠባቂው ካልተነሣ ጉዳዩን በምክር ቤት እንደሚያነሡት አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ ጠባቂው ከዚያ ተዛወረ።

አያችሁ? ጥያቄው ገና አልተጠየቀም። ይጠየቃል መባሉ ብቻ በቃ። ሕግ ማስለወጥ ባይችሉም የአንድን ክፉ ሰው ዱላ ከእስረኞች ጀርባ ላይ ማንሣት ቻሉ። ለታሰረ ሰው ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋጋው

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በምክር ቤቱ ሲናገሩ ይጮኹባቸዋል። በአይሁድነታቸው ይሰድቧቸዋል። ስልካቸው ይጠለፋል። ሌሊት እየደወለ የሚሳደበውም ብዙ ነበር። ወይዘሮ ሄለን አንድ ፊሽካ ስልኩ አጠገብ አስቀመጡ። ተሳዳቢው ሲጀምር ፊሽካውን ጆሮው ላይ ይነፉበት ነበር።

በመስከረም 1966 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈርዉርድ በምክር ቤቱ ውስጥ በስለት ተወግተው ተገደሉ። ገዳዩ የዚያው ምክር ቤት ተላላኪ ነበር። ወይዘሮ ሄለን ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም። ሆኖም የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒተር ቦታ ጣታቸውን ቀስረው «ያስገደላችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው ጮኹባቸው። በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ።

የነቀፏቸውም ነበሩ

ታሪክ ስንማር ሙገሳውን ብቻ መስማት የለብንም። ወይዘሮ ሄለንን የነቀፏቸው የአፓርታይድ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከነፃነት ታጋዮችም መካከል የነቀፏቸው ነበሩ።

አንዳንዶቹ «ጥቁር በሌለበት ምክር ቤት መቀመጥ ራሱ ያንን ምክር ቤት ማክበር ነው» አሉ። በ1980ዎቹ ደግሞ ብዙ አገሮች ከደቡብ አፍሪካ ጋር መነገድ እንዲያቆሙ ታጋዮቹ ጠየቁ። ወይዘሮ ሄለን ይህን ተቃወሙ። ሥራ የሚያጣው ጥቁሩ ሠራተኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ታጋዮቹ ግን እኛ ችግሩን እንችለዋለን፤ አገዛዙ ይውደቅ አሉ።

ሦስተኛው ነቀፋ እኛን ይመለከታል። ፓርቲያቸው በመጀመሪያ ድምፅ ለሁሉም ሰው ይሰጥ አላለም። ትምህርት ወይም ንብረት ያለው ጥቁር ይምረጥ ነው ያለው። ማንበብ ያልተማረው፣ ደሀው ይቅር ማለት ነው። ፓርቲው ይህን ሐሳብ የተወው በ1978 ነው።

እስኪ እናስተውል። የይለፍ ደብተሯ ሰውን ስታስር «ማንበብ ትችላለህ ወይ?» ብላ አልጠየቀችም። ሕግ በተማረውም ባልተማረውም ላይ እኩል ይወድቃል። እንግዲያው ስለ ሕጉ የመናገር መብትም ለሁለቱም እኩል መሆን አለበት። ማንበብ ድምፃችንን ያጠነክረዋል እንጂ ድምፃችን የሚገዛበት ዋጋ አይደለም።

ፍሬው

በ1974 ምርጫ የወይዘሮ ሄለን ፓርቲ ስድስት መቀመጫ አገኘ። የ13 ዓመቱ ብቸኝነት አበቃ። በ1978 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ መብት ሽልማት ሰጣቸው። በ1985 ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ ተሻረ። በ1986 የይለፉ ሕግ ተሻረ። ምክር ቤት በገቡ በ33ኛው ዓመት መሆኑ ነው።

ሕጉን ያሻሩት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው ብንል ውሸት ይሆናል። ያሻረው ደሙን ያፈሰሰው ሕዝብ ነው። ሰልፍ የወጡት ሴቶች፣ የታሰሩት፣ የተሰደዱት፣ ሥራ ያቆሙት ሠራተኞች ናቸው። ወይዘሮ ሄለን ያደረጉት የዚያ ሕዝብ መከራ በመዝገብ እንዲሰፍር ነው። «አላየንም፤ አልሰማንም» የሚል ባለሥልጣን እንዳይኖር አደረጉ።

በ1989 ከምክር ቤት ወጡ። በዓመቱ፣ የካቲት 1990፣ ማንዴላ ከ27 ዓመት እስር በኋላ ተፈቱ። በሚያዝያ 1994 የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ሁሉ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ ተሰልፎ መረጠ።

አሁን ወደ ሻርፕቪል እንመለስ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ማንዴላ አዲሱን ሕገ መንግሥት የፈረሙት በሌላ ቦታ አይደለም፤ በሻርፕቪል ነው። በይለፍ ደብተር ምክንያት 69 ሰዎች በሞቱበት ቦታ፣ ሰውን ሁሉ እኩል የሚያደርግ ጽሑፍ ተፈረመ። ማንዴላ ሲፈርሙ ወይዘሮ ሄለን ሱዝማን በአጠገባቸው ነበሩ። ያረፉት በ91 ዓመታቸው፣ ጥር 1 ቀን 2009 ነው።

ውድ አድማጮች፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ዛሬ ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ነገ ወረቀት ይቀርብላችኋል። የግብር ወረቀት፣ የውል ወረቀት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይሆናል። ሳታነቡ አትፈርሙ። ያልገባችሁን ጠይቁ። መልሱንም አስጽፉ። ብቻችሁን ብትሆኑም ጠይቁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የይለፍ ደብተር ምን ነበር? ሰውንስ እንዴት ያሳስር ነበር?
2. የ90 ቀኑ ሕግ ቢያልፍም የወይዘሮ ሄለን መቃወም ምን ጠቀመ ትላላችሁ?
3. ማንበብ የማይችል ሰው የመምረጥ መብት ሊኖረው ይገባል? ለምን?
4. በምትኖሩበት አካባቢ በጽሑፍ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ምንድን ነው? በሦስት መስመር ጻፉት።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።